የእትዬ አንጓች ባሕር

የሞተ ሰው ታየኝ፣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ ስሜን ጠርቶኝ ዞር ስል ማንም የለም የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ወባ ተመርምረሃል?» ብዬ ነው። ለቀልድም አይደለም፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ትኩሳት ለሰው ስንት ነገር እንደሚያሳየው አውቃለሁ፣ ሰይጣን ሰፈረበት ተብሎ በአራት ጎረምሳ ተይዞ የመጣ ገበሬ ጣቱን ወግቼ ደሙን በማይክሮስኮፕ ሳየው ወባ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ በሳምንቱ በሬውን ጠምዶ ያርስ ነበር። እንግዲህ እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። አሁን የማጫውታችሁን ስጨርስ «ሙሉ፣ አንቺስ ተመርምረሻል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ ተመርምሬአለሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ ምንም የለብኝም።

የምኖረው እትዬ አንጓች ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ነው። እትዬ አንጓች አምስት ወልደው አራቱን በጨቅላነታቸው የቀበሩ ሴት ናቸው፣ አምስተኛው ሲወለድ ስሙን ቢያድግልኝ አሉት፣ ከስምነቱ ይልቅ ልመናነቱ ይበልጣል፣ ልመናው ተሰማና አደገላቸው፣ አድጎም ጅቡቲ ወርዶ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት ለእረፍት ሲመጣ፣ የሌላው ሰው ልጅ ብርድ ልብስና ሽቶ ይዞ ይመጣል፣ እሱ ግን ባሕር ይዞ መጣ። እመኑኝ፣ ስፋቱ ክንድ የማይሞላ የመስታወት ሳጥን፣ አንድ ከረጢት የባሕር ጨው፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ መብራት፣ ውሃ በተሞላ ፌስታል ውስጥ ደግሞ ኮራል የሚባሉ ነገሮች፣ ሲያዩዋቸው ድንጋይ ላይ የበቀሉ አበባ ይመስላሉ እንጂ ነፍስ ያላቸው ፍጥረቶች ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይታመማሉ፣ ሲከፋቸው ይዘጋሉ። አንደኛው ዓይነት አረንጓዴ ነው፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ድንጋዩ ላይ ተደርድሯል፣ ሌላው ነጣ ያለና ባለ ብዙ እጅ ነው፣ እጆቹን ሲጨብጥ ሲፈታ፣ ሲጨብጥ ሲፈታ ይውላል፣ እያንዳንዱ እጅ በራሱ ጊዜ ነው፣ አንዱ ሲጨብጥ ሌላው ይፈታል፣ እትዬ አንጓች «ጨቅሎቹ» ይሏቸዋል።

ሳጥኑ ሳሎን ውስጥ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ፣ የሰፈሩ ሰው ወሬውን ሰምቶ ጎረፈ፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉን ኖረው፣ ይኸው ቢያድግልኝ ደግሞ የማይጠጣ ውሃ አመጣልን» እያለ ይስቅ ነበር። አንዷ ጎረቤታችን ከግሽ ዓባይ ያመጣችውን ጠበል «ይባርካቸው» ብላ ልትጨምርበት ስትል እጇን ይዤ ነው ያስጣልኳት፣ እስከ ዛሬ መናፍቅ ትለኛለች።

ቢያድግልኝ ሲመለስ ባሕሩን ለኔ አደራ ሰጥቶ ሄደ፣ «አንቺ ጠብታ መቁጠር ታውቂያለሽ» አለኝ። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ግን እንደ ጥገት ላም ነው፣ ዛሬን ልረፍ አይባልም። ፓምፑ ውሃውን ያዞራል፣ ውሃው ካልዞረ ይታፈናሉ፣ ማሞቂያው ሙቀቱን ይጠብቃል፣ መስታወቱ ከውስጥ አረንጓዴ ለሐጭ ስለሚያወጣ ይጠረጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የውሃው ልክ ነው፣ በኛ ከተማ ሙቀት በየቀኑ የጣት ወርድ ያህል ይተናል፣ ውሃው ሲሄድ ጨው አብሮ አይሄድም፣ ስለዚህ የሚጨመርለት ጨው የሌለው ውሃ ነው፣ ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በርሜል ሞልቼ እኔ ክፍል ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ይህ ያልገባው ሰው የጨው ውሃ እየጨመረ በአጭር ጊዜ ይፈጃቸዋል።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይደውላል፣ መጀመሪያ ከእናቱ ጋር ያወራል፣ ከዚያ ስልኩን ለኔ ይሰጡኛል፣ የኔው ተራ ፈተና ነው፣ ጨው ስንት ሆነ፣ ሙቀቱስ፣ መስታወቱን ጠረግሽ ወይስ ሰነፍሽ፣ እያለ ያፋጥጠኛል፣ ከዚያ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር እሑድን የሚጠብቁት እናቱ ብቻ አልነበሩም፣ ይህችን ግን እዚሁ ተዉልኝ።

የእትዬ አንጓች አንደኛው ዓይን ድሮ ጠፍቷል፣ በቀረችውም ላይ ሞራ ጋርዷት ደጃቸውን መሳት ጀምረው ነበር፣ አምና ጥር ላይ ቡሬ ወስጄ አስገፈፍኳቸው። የሐኪሙን ትእዛዝ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ አይጎንበሱ፣ ከባድ ነገር አያንሡ፣ ጭስ አይጠጉ፣ ዓይናቸውን አይሹ፣ አያልቅሱ። ይህች ዓይን ከጠፋች ሌላ የላቸውም። ጥቁር መነጽር አድርገው ከባሕሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ይውሉ ነበር፣ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ከዚያ ያለፈውን በትዕግሥት ጠብቁ ተብለናል።

በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት የንስሐ አባታቸው ቄስ ሞላ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ከአምስት የእድር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል።

«ልጄ ሙሉ፣ ቢያድግልኝ ዐርፏል» አሉኝ።

ሁለት ቀን ብቻ ታሞ፣ እዚያው ተቀብሮ፣ ወሬውን ይዞ የመጣው አብሮት ይሠራ የነበረ የማንኩሳ ሰው ነው። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ እንደነበር ግን በኋላ ጥርሴ ላይ ባገኘሁት ክር አወቅኩ።

«እንግዲህ ልቅሶሽን ያዥው» አሉ ቄስ ሞላ፣ «እኛ የቸገረን መርዶው ነው። አታልቅሽ የተባለችን ሴት እንዴት አድርገን እናርዳት? አንቺ የጤና ሰው ነሽ፣ ዓይኗ ዕንባ የሚችልበትን ቀን አንቺ ቁረጪልን።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በብዙ ሰው፣ ጩኸቱን የሚደግፍ ወገን ደጁን ሞልቶ ነው እንጂ አንድ ሰው ብቻውን ገብቶ አያረዳም። እኔ በጣቴ ቆጠርኩ፣ ሐኪሙ ያለው ጊዜ ሲሞላ ሕማማት ይገባል፣ በሕማማት ደግሞ ፍትሐት የለም፣ ከዚያ ፋሲካ ነው፣ በበዓል አፍ ማን መርዶ ይነግራል። «የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ይሁን» አልኩ። ሰኞ ተባለ። ሰባታችንም ቀኑን ለማንም ላንተነፍስ ቃል ገባን፣ ሽማግሌዎቹ ለሚስቶቻቸው እንኳ ላይናገሩ ማሉ። ስንለያይ ቄስ ሞላ እጄን ይዘው «እስከዚያ ፊትሽን አደራ፣ አብረሻት የምትውዪ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

በመጀመሪያው እሑድ እትዬ አንጓች ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ ዋሉ፣ «ጥልቅ ባሕር ወርደው ይሆናል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም» አልኳቸው። በሁለተኛው እሑድ ምንም አልጠየቁኝም፣ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉት ብቻ አየሁ፣ ያን ጊዜ አንጀቴ አልችል አለና ሞኝነት ሠራሁ። ስልኬን አወጣሁ፣ «እትዬ፣ ጽፎልኛል እኮ፣ ላንብብልዎት?» አልኩ፣ ከዚያም ጓደኛዬ የላከችልኝ የሠርግ ጥሪ ላይ ዓይኔን ተክዬ ከራሴ እየፈጠርኩ አነበብኩ፣ «እናቴ ደህና ነኝ፣ ጾሙን ይዣለሁ፣ ዓይንሽን ጠብቂ፣ ሙሉን መብራቱን በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል ታብራላቸው በያት።» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ፣ «እሰይ፣ እሰይ የኔ ዓለም» እያሉ ወንበሩ ላይ ተመቻቹ፣ እኔም ያንን ደስታ ካየሁ በኋላ ማቆም አልቻልኩም፣ እሑድ በመጣ ቁጥር የሞተውን ሰው ደብዳቤ እጽፍ ጀመር።

እንግዳው ነገር የጀመረው ያን ሰሞን ነው። መጀመሪያ ውሃው መጉደል ተወ። ጠዋት ልጨምር ስሄድ ልኩ ላይ ነው፣ በማግስቱም ልኩ ላይ ነው፣ የላብራቶሪ ፕላስተር ቆርጬ ሳጥኑ ላይ ለጥፌ በእስክሪብቶ አሰመርኩበት፣ አራት ቀን ሙሉ ከመስመሩ የጸጉር ያህል ዝቅ አላለም፣ ጨውንም ብለካው ትክክል ነው። ሰው እየጨመረ ይሆናል አልኩ፣ ግን የዝናብ ውሃው በርሜል እኔ ክፍል ነው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ በርሜሉም አልጎደለም። አየሩ ቀዝቅዞ ይሆናል ብዬ አለፍኩት፣ በመጋቢት፣ በፍኖተ ሰላም መጋቢት፣ አስቡት እስቲ።

ቀጥሎ መስታወቱ ነው። አንድ ጠዋት ልጠርገው እጅጌዬን ሰብስቤ ብመጣ ከውስጥ ተጠርጓል። እትዬ አንጓች ናቸው እንዳልል እንዳይጎነበሱ ተከልክለዋል፣ ደግሞም ክዳኑን ማንም አላነሣውም፣ እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ በክዳኑ ዙሪያ የጨው ርጭት እየደረቀ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ክዳኑን የሚያነሣ ሰው ያንን ሳይሰብር አያነሣም፣ ቅርፊቱ ግን ዙሪያውን እንዳለ ነው፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ የተጠረገበት ጭረት ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ ይዘነብላል፣ እኔ ስጠርግ ግን በተቃራኒው ነው፣ ይህንን ያወቅኩት ቢያድግልኝ ግራኝ ስለነበረ ነው፣ ሲያስተምረኝ በጭረታችን እንሳሳቅ ነበር። ያን ቀን ሥራ ቦታ ሄጄ ደሜን ለመጀመሪያ ጊዜ አስመረመርኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ እንደ ልማዴ አነበብኩ፣ መብራቱ ለስምንት ሰዓት እንዲበራ ቢያድግልኝ በድጋሚ አዟል አልኩ።

«ስድስት ነው ያለኝ እኮ» አሉኝ እትዬ አንጓች።

«ማን ነው ያለዎት?»

«እሱ ነዋ! ስምንት በዝቶባቸዋል፣ ቁልፎቹ ዳር ዳራቸው እየነጣ ነው ብሎኛል፣ አላየሽውም እንዴ?»

አይቼዋለሁ። ከዚያ ቀደም ባለው ቀን በአጉሊ መነጽር ሳይ ነው የአረንጓዴዎቹ ጠርዝ እንደ ክር ቀጥኖ መንጣቱን ያየሁት፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ እሳቸው ደግሞ እንኳን የኮራል ጠርዝ የኔን ፊትም አይለዩም ነበር። ሕልም አይተው ነው፣ የእናት ግምት ነው፣ አልኩ ለራሴ፣ መብራቱን ግን ስድስት ሰዓት አደረግኩት። ብዙም ሳይቆይ ቀለማቸው ተመለሰ።

ለቄስ ሞላ ልንገራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ ምን ብዬ? የሞተ ሰው ደብዳቤ እየፈጠርኩ ሳነብ የሞተው ሰው አረመኝ ልበል?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሌሊት አልነበረም፣ ሆሳዕና እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ዓርብ ማታ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ በቡሬ መንገድ የመብራት ምሰሶ ጥሎ ነበር፣ ከተማው ሁሉ መብራት አጣ። የፓምፑ መጠባበቂያ ባትሪ እስከ ቅዳሜ ጠዋት አደረሰን፣ ከዚያ በኋላ ሶኬቱን ነቅዬ በጆግ ውሃውን እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈስ ጀመር፣ አየር እንዲገባው፣ በየሰዓቱ፣ ክንዴ እስኪዝል። ቅዳሜ ማታ አረንጓዴዎቹ ተዘጉ፣ ጨቅሎቹ እጃቸውን ጥለው ተኙ። እሑድ ተረኛ ስለነበርኩ ክዳኑን ገጥሜ ገና ሳይነጋ ወጣሁ፣ እትዬ አንጓችን ጎረቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደቻቸው። ስመለስ በመንገድ ሁሉ የማስበው ሽታውን ነበር፣ ኮራል ሲሞት ይሸታል፣ ለእትዬ አንጓች ደግሞ ምን እላለሁ፣ ልጃቸው ከተወላቸው የቀረው ይኼው ነው።

ግቢው በር ላይ ስደርስ ፓምፑ ሲያጉረመርም ሰማሁ። መብራት መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ቦርሳዬን ላስቀምጥ ክፍሌ ገብቼ ማብሪያውን ብጫነው ግን የለም፣ የጎረቤት ወፍጮም ዝም እንዳለ ነው። ወደ ሳሎኑ ተጠጋሁ፣ ጉርምርምታው ከዚያው ነው የሚመጣው፣ ከሱ ጋር ደግሞ የእትዬ አንጓች ድምፅ፣ አጠገባቸው ላለ ሰው እንደሚያወሩ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ እንደሚሰሙ ሆነው «እህ» ይላሉ፣ እንደገና ይናገራሉ። በሩን ገፋሁት።

ብቻቸውን ናቸው። ወንበራቸውን ከሳጥኑ አጠገብ አስጠግተው ተቀምጠዋል፣ በጎናቸው ባዶ በርጩማ አለ፣ ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት አለ። የፓምፑ ሶኬት እኔ በነቀልኩበት ቦታ መሬት ላይ ተጋድሟል። ውሃው ግን ይዞራል፣ መዞር ብቻ አይደለም፣ ወደ አንዱ ጎን ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ይመለስና በሌላው ጎን ከፍ ይላል፣ ክዳኑም እኔ እንደገጠምኩት ነው። ማሞቂያው ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል፣ መዳፌን መስታወቱ ላይ ባደርገው ሞቃት ነው፣ የሰው ገላ ያህል ይሞቃል። አረንጓዴዎቹ በሙሉ ተከፍተዋል። የጨቅሎቹ እጆች ደግሞ፣ ሁልጊዜ በየራሳቸው ጊዜ የሚጨብጡት፣ ያን ቀን ሁሉም አንድ ላይ ይጨብጣሉ፣ አንድ ላይ ይፈታሉ። ፈራሁ። ሌላ የምለው የለኝም፣ ፈራሁ።

«መጣሽ ሙሉዬ? እንኳን አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን እትዬ። ከማን ጋር ነበር የሚያወሩት?»

«ቁጭ በይ እስቲ፣ መጀመሪያ የዛሬውን አንብቢልኝ።»

ስልኬ ከቅዳሜ ጀምሮ ሞቷል፣ ግን ለሳቸው ምን ለውጥ አለው ብዬ ከቦርሳዬ አወጣሁት፣ «እናቴ፣ እንኳን ለሆሳዕና አደረሰሽ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ለፋሲካ ባልመጣም» እያልኩ ቀጠልኩ። እትዬ አንጓች ጥቁር መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ስልክሽ ጠፍቷል እኮ። ጥቁር ነው።»

«ያያሉ?» አልኩ።

«ዛሬ ቅዳሴ ላይ ነው የጠራልኝ። የቄስ ሞላን ጢም አየሁት፣ ሸብተዋል ለካ፣ ቀለበቴን አየሁት፣ አሁን ደግሞ ያንቺን ስልክ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለም?» ቁጣ የለባቸውም፣ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ» ብዬ እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ።

«ኧረ አልተቀየምሁሽም። ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። አንቺ አላወቅሽም እንጂ እሱ እኮ ኸዚሁ ነው። ኸሥራ ስትሄጂ ጧት ጧት ይመጣል፣ እጁ ርጥብ ነው፣ ውሃውን አስተካክሎልኝ፣ ኸጎኔ ትንሽ ተቀምጦ ይሄዳል። ሙሉ ትደነግጣለች አትንገሪያት ስላለኝ ነው ዝም ያልሁ። ዛሬ ግን ከፋው።»

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«‹እናቴ፣ ሙሉን ጠይቂያት፣ ሰኞን ምን አስቆረጣት? እስከዚያ ድረስ እኔ መቆም አልችልም፣ ደከመኝ› አለኝ። እኔ ምንም አልገባኝ።» ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ፣ ያቺ አንዲት ዓይናቸው ጠርታ፣ ጥቁሯ ጥቁር ነጯም ነጭ ሆና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍጥጣ አየችኝ። «የምን ሰኞ ነው ልጄ?»

ሰኞን የምናውቀው ሰባት ሰዎች ነን። ያቺን ዓይን ለማዳን ስል ስንት ሳምንት ዋሽቻለሁ፣ አሁን ድናለች፣ ድና ደግሞ እኔኑ እያየችኝ ነው፣ እሷ እያየችኝ ተጨማሪ ውሸት ከአፌ አልወጣም አለ። ብቻዬን መሆኔን፣ ጎህ አለመሆኑን፣ ደጅ ላይ የሚደግፋቸው ሰው አለመኖሩን እያወቅኩ፣

«ቢያድግልኝ ሞቷል እትዬ» አልኩ።

ከጎኔ ጉርምርምታው ቆመ። ውሃው በአንዱ ጎን ከፍ እንዳለ ዝቅ ብሎ ረጋ፣ እጆቹም ሁሉ እንደተፈቱ ቀሩ።

እትዬ አንጓች አልጮሁም። መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ አዩ፣ ከዚያ በጎናቸው ወዳለው ባዶ በርጩማ፣ ከዚያ ወደኔ። «እንግዲያ ለዚህ ነው እህል አልቀምስ ያለኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ ከዚያ በኋላ ነው ጩኸታቸው የወጣው፣ እኔ ከቦርሳዬ ንጹሕ የቁስል ጨርቅ አውጥቼ ዓይናቸውን ሳልነካ ከሥር ከሥር ዕንባቸውን እቀበል ጀመር፣ እሳቸው እያለቀሱ፣ እኔ እያለቀስኩ፣ ጎረቤት ደርሶ በሩን እስኪሞላው ድረስ።

ሽማግሌዎቹ ተቆጡኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ እናትን ብቻዋን ያረዳች ተብዬ ገና ለብዙ ጊዜ እወቀሳለሁ። ቄስ ሞላ ግን ለብቻ ጠርተውኝ የሆነውን ሁሉ ከሰሙ በኋላ አምስቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ጠየቋቸው፣ አምስቱም ሰኞን ከአፋቸው እንዳላወጡ ማሉ። አንዱ ለሚስቱ ሹክ ብሎ ይሆናል፣ ሚስቱ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለእትዬ አንጓች፣ ሊሆን ይችላል፣ እኔም እንደዚያ ነው ብዬ ልተወው ስንት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ኮራሎቹስ? መብራት የመጣው ከመርዶው በማግስቱ ማታ ነው፣ አንዱም አልሞተም። የቡሬው ሐኪም ደግሞ ዓይናቸውን አይቶ ምንም አልሆነችም አለ።

ከዚያ ወዲህ ባሕሩ እንደማንኛውም ባሕር ሆኗል። ውሃው በየቀኑ የጣት ወርድ ይጎድላል፣ እጨምራለሁ፣ መስታወቱ አረንጓዴ ያወጣል፣ እጠርጋለሁ፣ ጭረቱም የኔው ነው። እፎይ ማለት ነበረብኝ፣ ባዶ ቤት እንደመግባት ነው የሆነብኝ።

አርባው ከወጣ በኋላ በአንድ እሑድ እትዬ አንጓች በጥቁር ልብሳቸው መጥተው ወንበራቸውን አጠገቤ አስጠጉ።

«አንብቢልኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ኸነገርሽኝ ወዲህ ኸኔ ዘንድ መምጣቱን ትቷል። አንቺ ነሽ ያስቀረሽብኝ፣ እንግዲህ አንቺው አንብቢልኝ።»

ምን ልበል? የጠፋ ስልክ ይዤ አነበብኩላቸው፣ ሁለታችንም ጥቁር መሆኑን እያየን። ምን ክፋት አለው አልኩ፣ ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማታ የምለውን አስባለሁ፣ እሑድ እላለሁ። ብቻ ሰሞኑን ያላሰብኩት ነገር ይመጣብኝ ጀምሯል፣ አፌን ለአንዱ ነገር ስከፍት ሌላ ይወጣል። ባለፈው እሑድ ስለ ጸሎት ልል አስቤ «እናቴ፣ ትከሻዬን ትቶኛል፣ አሁን ወደፈለግሁት ጎን እተኛለሁ» ብዬ አነበብኩ።

እትዬ አንጓች እጄን ጨምድደው ያዙት። «ትከሻውን እንደሚያመው ማን ነገረሽ?»

«እሱ... በስልክ ነግሮኝ ይሆናል» አልኩ። አልነገረኝም፣ ስለ ጨውና ስለ ውሃ እንጂ ስለ ራሱ ነግሮኝ አያውቅም።

«ለማንም አይናገርም ነበር፣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አሉ፣ ከዚያ ጨምድደው የያዙትን እጄን ቀስ ብለው እየደባበሱ «ቀጥይ ልጄ፣ ሌላስ ምን አለ?» አሉኝ። ቀጠልኩ፣ እመኑኝ ምን እንዳልኩ አሁን አንዱንም አላስታውሰውም፣ እሳቸው ግን እየሰሙ ሁለት ጊዜ ስቀዋል። ከዚያ ወዲህ አፌን መክፈት እፈራለሁ፣ እትዬ አንጓች ግን ገና ቅዳሜ ሲመሽ ወንበራቸውን አምጥተው አጠገቤ ያስቀምጡታል።